ከዓምናው ወረቀት የተገለበጠ ቁጥር

ኅዳር 4 ቀን

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አጎቴ፤

ሰላምታዬ በጤና ያግኝዎት። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ደህና ነኝ ብለው እንዳይሸውዱኝ፤ ባለፈው ደረጃ የምወጣው እያረፍኩ ነው ብለው የጻፉትን አልረሳሁም። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት። ዳቦ ቤቱ ይጋግራል፣ እኔም በየሱቁ አዞራለሁ።

ዛሬ የምጽፈው አንድ ነገር ላማክርዎት ነው። አባዬ ካረፈ ወዲህ ነጯ ፒካፕ ወደ እኔ ስም ዞራለች፤ የዓመት ምርመራዋ ደግሞ ደርሷል። ቦሎዋ ከታኅሣሥ በኋላ አያገለግልም። አዲሱ ቦሎ መስታወቷ ላይ ካልተለጠፈ ትራፊክ አያሳልፈኝም፤ እኔ ካላለፍኩ አሥራ አንድ ሱቅና አንድ ሆስፒታል ጠዋት ያለ ዳቦ ይቀራሉ። ስለዚህ አባዬ ሁልጊዜ ወደሚሄድበት የምርመራ ጣቢያ፣ ከእህል መጋዘኑ ጀርባ ወዳለው ሄድኩ። በሩ ላይ ሰንሰለት ተጠምጥሟል። ዘበኛው ከተዘጋ ስድስት ወር አልፎታል አለኝ።

እኔን የገረመኝ መዘጋቱ አይደለም። ከዳቦ ቤታችን ሁለት መንገድ አልፎ ሌላ ጣቢያ አለ። አባዬ ግን በየዓመቱ ከተማውን አቋርጦ፣ ነዳጅ አቃጥሎ፣ ግማሽ ቀን አጥፍቶ ወደዚያኛው ነበር የሚሄደው። እሱ እኮ የተጣመመ ምስማር ነቅሎ፣ አቃንቶ፣ መልሶ የሚመታ ሰው ነበር። ለምን ይሆን? እማዬን ብጠይቃት "የለመደበት ነዋ" አለችኝና ወደ ሊጧ ዞረች።

እርስዎ የድሮ ሹፌር ነዎትና ይምከሩኝ። የት ልሂድ? አስቀድሜስ ምን ልፈትሽ? እናንተ ዘንድስ መኪና የሚመረመረው እንዴት ነው?

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።
የወንድምዎ ልጅ

ኅዳር 28 ቀን

ይድረስ ለለምንዬ፤

አፍሽን የፈታሽው "እማ" ብለሽ ሳይሆን "ለምን" ብለሽ ነውና ይህን ስም ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬም አላሳፈርሽኝም። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ገና ከሥራ መግባቴ ነበር። ጫማዬን ሳላወልቅ ቆሜ አነበብኩት። ጉልበቴ አለ፤ እሱም እንደ ባለቤቱ ያማርራል።

እዚህ ምርመራው እንደ ሐኪም ቤት ነው። ቀጠሮ ትይዢያለሽ፣ መኪናሽን ይቀበሉሻል፣ አንቺን በመስታወት የታጠረ ክፍል ውስጥ ያስቀምጡሻል። ከዚያ መርማሪው ረጅም ወረቀት ይዞ፣ ፊቱን ቅጭም አድርጎ ይመጣል። በመጨረሻ የሚነግርሽ አንድ አምፖል ተቃጥሏል ብሎ ነው። ያንቺን በተመለከተ ደግሞ፣ ሰኞና ዓርብ አትሂጂ፤ ወረፋ ይበዛል። ከሥር አሳጥቢያት፤ መርማሪ ጭቃ ፊቱ ላይ ሲንጠባጠብበት ምሕረት አያውቅም። ፍሬን ስትይዢ የኋላው መብራት መብራቱን ሰው ቆሞ ይይልሽ። ክላክሱን፣ ጎማውን፣ የዝናብ መጥረጊያውን እይ።

ስለ ምርመራ ካነሳሽ አይቀር አንድ ነገር ላጫውትሽ። እኔና ወንድምጋሼ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጨረታ ሁለት ነጭ ፒካፕ ገዛን። መንታ ነበሩ፤ ባለቤቶቻቸው ራሳችን የምንለያቸው በታርጋና በወንበር ልብስ ነበር። እሱ የሱን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚይዛት። እኔ ደግሞ ዘይት የት እንደሚፈስ አላውቅም፤ ሲሚንቶ ከልክ በላይ እጭናለሁ። ወደዚህ አገር ልመጣ ስል ልሸጣት ፈለግኩ። መካኒኩ አይቷት "ሻንሲዋ ተሰንጥቋል፤ ይህቺ ምርመራ አታልፍም" አለኝ። ያለ ምርመራ ደግሞ ገዢ የለም፤ ካልሸጥኳትም ጉዞዬ ቀረ ማለት ነው። ወንድምጋሼ "አንተ ቪዛህን ሩጥ፤ ቁልፉን ለኔ ተው" አለ። በማግስቱ ያለፈችበትን ወረቀት ይዞልኝ መጣ። በመጀመሪያው ዙር! ገዢውማ አስፈትሾ "እንዲህ የተያዘች መኪና አይቼ አላውቅም" አለ። የወንድምጋሼ መኪና ግን በዚያው ወር ጭስ መትፋት ጀመረች። ሲሸኘኝ "አየህ፣ መኪና እንክብካቤ ሲበዛባት ትሞላቀቃለች" ብዬ ስቄበታለሁ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ መካኒክ የሚባል አላምንም።

ለምን ሩቅ ይሄድ እንደነበር አላውቅም። መርማሪው ወዳጁ ይሆናል። የሚሆነውን ጻፊልኝ፤ እኔም እንዳንቺ ማወቅ አማረኝ። እናትሽን፣ እትዬን፣ ሰላም በይልኝ። በደብዳቤሽ ግርጌ አንድ መስመር እንኳ ብታክልበት ምን ነበር?

ይባርክሽ።
አጎትሽ

ታኅሣሥ 19 ቀን

ለምወድዎት አጎቴ፤

በዚያ ብርድ ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የኛ ጉድ ግን እስከ ታኅሣሥ ቆይቶ መጣ።

መጀመሪያ ቅርባችን ወዳለው ጣቢያ ሄድኩ። የፍሬን መመርመሪያው ማሽን ከተበላሸ ወር ሆኖታል፤ ሠራተኞቹ ግን በየቀኑ ፈርመው ይገባሉ። ሁለተኛው የከባድ መኪና ብቻ ነው። በረኛው መኪናዬን ከላይ እስከ ታች አይቶ "ይቺንስ በቦርሳሽ ያዢያት" አለኝ። ሦስተኛውን ያገኘሁት አንድ ባለ ታክሲ ጠቁሞኝ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከአሮጌ ጎማ ክምር ጀርባ፣ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ። ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር፣ መሐሉ ላይ ሰው የሚወርድበት ጉድጓድ አለ። መርማሪዋ ሴት ናት። ሰማያዊ ቱታ ለብሳለች፣ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታለች። ደስ አለችኝ፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄዬ መልስ አላት።

ፍሬኑ ጋ እንኳ አልደረስንም። ጉድጓድ ውስጥ ወርዳ ትንሽ ቆየችና "ነይ ውረጂ" አለችኝ። የሻንሲውን ብረት በሽቦ ብሩሽ ፍቃ ቁጥሩን አውጥታዋለች። ከሊብሬው ጋር አስተያየችው። አይገጥምም። አንድ ቁጥር ቢሆን የጸሐፊ ስህተት እላለሁ አለች፤ የመጨረሻዎቹ አምስቱ ግን በሙሉ ሌላ ናቸው። ከዚያ የእጅ ባትሪዋን ዞር አድርጋ ከፊት ጎማው ኋላ፣ በግራ በኩል ያለውን ብረት አሳየችኝ። ተሰንጥቆ የተበየደ ነው፤ በላዩም ወፍራም ብረት በብሎን ታስሮበታል። በእጇ ዳበሰችውና "ይህን የበየደው ሰው አልቸኮለም" አለች።

ሊብሬዬን ይዛ ጊዜያዊ ወረቀት ሰጠችኝ፤ በሱ ዳቦዬን አዞራለሁ። ግን እስከ መጋቢት 10 ማስረጃ ካላመጣሁ ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ይሄዳል። ለምን ፖሊስ አልኳት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ "የተሰረቀች ልትሆን ትችላለቻ" አለችኝ።

አጎቴ፣ አባዬ የተሰረቀ መኪና ይነዳ ነበር? መልስ ሲበዛበት ወደ ባለሱቁ ሮጦ የሚመልሰው አባዬ? መኪናዋስ ትቅር፤ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ? የሱን ስም ይዤ ፖሊስ ጣቢያ መግባት አልችልም። ሲገዙ አብረው ነበሩ፤ የሚያውቁት ነገር ካለ ቶሎ ይጻፉልኝ። ማወቅ አለብኝ።

የወንድምዎ ልጅ

የካቲት 2 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፤

እንደምን ከርመሻል። እኔ ደህና ነኝ። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። በረዶውም መንገዱን ዘግቶት ሰነበተ።

የመኪናዋን ነገር አሰብኩበት። አሮጌ ናት። ለቁራጭ ብረት ነጋዴ ስጫትና ተገላገዪ። የሌላ መኪና መግዣ እኔ እልክልሻለሁ፤ ስንት እንደሚሆን ብቻ ጻፊልኝ። ያቺ ሴትዮ ጋ ሁለተኛ አትሂጂ። ወንድምጋሼ ሌባ አይደለም፤ ይህንን ከኔ ስሚ።

ብየዳው በግራ በኩል ነው ያልሽው? በሹፌሩ በኩል? እርግጠኛ ነሽ?

አጎትሽ

የካቲት 20 ቀን

ለማከብርዎት አጎቴ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎት። ገንዘብ ግን አልጠየቅኩዎትም። የጠየቅኩዎት የሚያውቁትን ነው። ሁለት ወር ሊሞላ ሲል የመጣልኝ ደብዳቤ "ለምንዬ" እንኳ አይልም። ተቀይሜዎታለሁ፤ ስለምወድዎት ነው የምነግርዎት።

ብየዳው በግራ፣ በሹፌሩ በኩል ነው። እርግጠኛ ነኝ። እርስዎ ዝም ሲሉ እኔ በእግሬ ፈለግኩ።

መጀመሪያ የተዘጋው ጣቢያ ዘበኛ የድሮውን መርማሪ ቤት አሳየኝ። ጡረታ ወጥተው ጓሯቸውን ይኮተኩታሉ። ስለ ቁጥሩ ስጠይቃቸው ምንም አላፈሩም። ወገቤን ስለሚያመኝ ጉድጓድ ወርጄ አላውቅም፣ የዓምናውን ወረቀት አስቀምጬ ቁጥሩን እገለብጥ ነበር አሉኝ። "ልጄ፣ ቁጥር ምን ይለወጣል ብዬ?" አሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ማለት ይኸው ነው። ውርሱ ወደ እኔ ሲዞርም እኮ ከወረቀት ወደ ወረቀት ነው የተገለበጠው። ልወጣ ስል ግን አንድ ነገር ጨመሩልኝ። አባዬ ወጣት መርማሪ ተረኛ ሆኖ ካየ ወረፋውን ለቆ፣ እሳቸው እስኪገቡ ደጅ ይጠብቅ ነበር። አባዬ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ቀጥዬ መርማሪዋ ጋ ተመለስኩ። ከሥር ያነበበችውን ቁጥር በመዝገብ ቤት አስፈለገችልኝ። የመጀመሪያ ባለቤት ሆኖ የወጣው ስም የእርስዎ ነው። በወረቀት ላይ የእርስዎ መኪና ለአንድ ነጋዴ ተሸጣ፣ ከብዙ ባለቤት ተዘዋውራ፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ተቆራርጣ ፋይሏ ተዘግቷል። እኔ ደግሞ የተቆራረጠችውን መኪና በየጠዋቱ አስነስቼ ዳቦ አዞርባታለሁ።

ፎቶ ኮፒውን ይዤ ገባሁና እማዬ ፊት አስቀመጥኩት። ሊጡን መቁረጥ አቆመች። "ይኼው ወጣ" ነው ያለችው። ከዚያ ነገረችኝ። እርስዎ ቪዛ ሲሯሯጡ አባዬ ሁለቱንም መኪና ጓሮ አስገብቶ በሩን ዘጋ። ታርጋ ቀየረ፣ የወንበር ልብስ ቀየረ፣ የሲጋራ ማራገፊያውን ሳይቀር ቀየረ። ምን እየሠራህ ነው ስትለው "የሱ አታልፍም፣ ቪዛውም አይጠብቀውም" አላት። የራሱን ጤነኛ መኪና በእርስዎ ታርጋ አስመርምሮ ለእርስዎ ሰጠ፣ የእርስዎን የተሰነጠቀች ለራሱ አስቀረ። ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ከሥሯ ተኝቶ ጠገናት። አውቆ ነው ያደረገው። እማዬ ለምን ለአጎቴ አልነገርከውም ስትለው "ቢያውቅ አይወስዳትማ፤ ዝም አይነቅዝም" አላት።

አሁን መናገር የማልፈልገውን ልንገርዎት። እማዬ በደብዳቤዬ ግርጌ አንድ መስመር የማትጨምረው ተቀይማዎት ነው። ሰላምታዋን ከራሴ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። በኋላ ባሌ ነግሮት ይሆናል፣ አውቆ ምስጋና ነፈገን ብላ ሃያ ሁለት ዓመት ይዛዎታለች። የኅዳሩን ደብዳቤዎን፣ ያንን የሳቁበትን አነበብኩላት። የዱቄት ጆንያው ላይ ተቀመጠች። "ሳያውቅ ነው እኮ፤ እኔ ነኝ የበደልኩት" ብላ አለቀሰች።

መርማሪዋ የምትፈልገው በመዝገቡ ላይ ያለው የመጀመሪያ ባለቤት፣ ማለትም እርስዎ፣ መኪናዋ እንዴት አባዬ እጅ እንደገባች ጽፈው የፈረሙበት ወረቀት ነው። በስህተት ተቀያየሩ ቢሉ ይታረማል፣ ያልቃል። ታውቆ የተደረገ ነው ከተባለ ግን ሰነድ ማጭበርበር ነው፤ የአባዬም ስም እዚያ ፋይል ላይ ይሰፍራል። እባክዎን በስህተት ብለው ይጻፉልኝ፤ አንዲት ቃል ናት። በፈጣን ፖስታ ይላኩልኝ፤ መጋቢት 10 ደርሷል።

ልጅዎ

የካቲት 29 ቀን

ይድረስ ለለምንዬ፣ ለእትዬም ጭምር፤

ከእግራችሁ በታች ነኝ። ይቅር በሉኝ።

የታኅሣሡን ደብዳቤሽን አንብቤ ስለ ብየዳው ያልሽው ጋ ስደርስ ነው ያወቅኩት። ሲሚንቶ ጭኜ ክፍት ቦይ ውስጥ የገባሁት በግራ ጎማ ነው። ቋ ስትል ወርጄ እንኳ አላየኋትም። መካኒኩ እዚያው ቦታ ላይ ነበር ጣቱን ያስቀመጠው። ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። ሃያ ሁለት ዓመት በየግብዣው የምናገረው ቀልድ ያ ነበር እኮ። ሰነፉ ወንድም አለፈ፣ ጠንቃቃው ወደቀ እያልኩ ሰው አስቃለሁ። አፈርኩ። ባፈርኩበት ደግሞ ገንዘብ ልልክና ዝም ላሰኝሽ ፈለግኩ።

በስህተት ብዬ ጀመርኩ። ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ወንድምጋሼ በሕይወቱ በጣም ያሰበበትን ነገር ስህተት ነው ብዬ መፈረም አልቻልኩም። እውነቱን ልጻፍ ብል ደግሞ አጭበርባሪ ሊያሰኘው ነው። ስለዚህ በሌላ መንገድ ጻፍኩት፤ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፣ በሕግ አዋቂ ፊትም አስመዝግቤዋለሁ። እንዲህ ይላል፦

"የወንድሜን መኪና ሳላስፈቅደው በራሴ ታርጋ አስመርምሬ የሸጥኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ባወቀ ጊዜ ታናሹ ነኝና ዝም አለ። እጁ ላይ የቀረችው መኪና የእኔ ናት፤ ከዛሬ ጀምሮ ለልጁ ሰጥቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።"

ለምን እንዳትይኝ። በሚቀጥለው ዓመት ልመጣ አስቤ ነበር፤ እመጣለሁም። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ይዘው ከጠየቁኝ ይጠይቁኝ። መውሰዱን እኮ ወስጃለሁ፤ ያላወቅኩት መውሰዴን ብቻ ነው።

አጎትሽ

መጋቢት 9 ቀን

ለምወድዎት አጎቴ፤

እንዴት እንደሚከርሙ አስባለሁና ቶሎ ልንገርዎት። ፖስታው የደረሰኝ ቅዳሜ ነው፤ ትናንት ጠዋት ዳቦዬን አድዬ በቀጥታ ወደ ጣቢያው ሄድኩ።

መርማሪዋ የእርስዎን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እርስዎን ልዋሽብዎት አልፈለግኩም፣ አባዬንም አሳልፌ መስጠት አልቻልኩም። እሷ ወረቀቱን አስቀምጣ ባትሪዋን አነሳችና ጉድጓዱ ውስጥ ወረደች። ብየዳውን እንደገና ስታየው ከላይ ሆኜ አያታለሁ። ስትወጣ እጇን በጨርቅ እየጠረገች "የተሰረቀበት ሰው" አለችኝ፣ "የሌባውን መኪና እንዲህ ሳይቸኩል አይጠግንም።"

አሁን አበቃልን ብዬ ነበር። እሷ ግን ጠረጴዛዋ ጋ ተቀምጣ የማረሚያ ቅጹን ሳበች። ቅጹ ላይ "ምክንያት" የሚል ትንሽ ሳጥን አለ። "እዚህ ምክንያት ነው የሚለው፤ ጥፋት አይልም" አለች። እርሳሷን ከጆሮዋ አውርዳ መልሳ ሰካችና በእስክሪብቶ ጻፈች፤ ወደ እኔ አዙራ አሳየችኝ። በወንድማማቾች ስምምነት ይላል። የእርስዎን ወረቀት መልሳ ሰጠችኝ። አላያያዘችውም። ይኸው ልኬልዎታለሁ፤ ሲመጡ በር ላይ የሚይዝዎት የለም።

መኪናዋ መጀመሪያ ወደቀች። የእጅ ፍሬኗ አልያዘም፤ እዚያው ደጅ ያለ መካኒክ አጠበቀልኝና ከሰዓት በኋላ አለፈች። ቦሎዋ ተለጥፏል።

አንድ ነገር ግን ደስ አላለኝም፤ ልደብቅዎት አልፈልግም። አዲሱ ሊብሬ ላይ ቁጥሩ የእርስዎ መኪና ቁጥር ስለሆነ የቀድሞ ባለቤት በሚለው ቦታ የተጻፈው የእርስዎ ስም ነው። የአባዬ የለም። ጸሐፊዋን ለምነን ነበር፤ ሁለት ስም አይጻፍም አለች። ለእማዬ ወስጄ አሳየኋት። ዓይኗን አጥብባ ከላይ እስከ ታች ፈለገችው፣ አጣችው። ከዚያ የማረሚያውን ቅጽ ጠየቀችኝ። ጣቷን በሳጥኑ ላይ አሳልፋ፣ እያንዳንዱን ፊደል እየቆጠረች አነበበችና "ወንድማማቾች" የሚለው ላይ ቆመች። "ይኸው" አለችኝ፤ "እዚህ አለ።"

ልጅዎ